ሰሜን ሸዋን በብስክሌት፦ አንኮበር፣ ጓሳና የጣርማበር ቁልቁለት

ከጣርማበር ዋሻ እስከ ሸዋ ሮቢት 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከላይ ለሚወርድ ብስክሌተኛ መንገዱ የሁለት ሰዓት ነው፤ እያረፈና ፍሬኑን እያበረደ ቢሄድም ሦስት ሰዓት አይሞላም። ከታች ለሚወጣ ግን ያው 45 ኪሎ ሜትር ከጎህ እስከ ማታ ያስኬዳል፣ ያውም ጉልበት ካለው። ሰሜን ሸዋ ላይ የብስክሌት ጉዞ የሚያቅድ ሰው ይህችን አንድ ነገር ከያዘ ሌላው ሁሉ ይቀለዋል፤ እዚህ አገር መንገድ የሚለካው በዳገቱ ነው።

የመሬቱ አቀማመጥ እንዲህ ነው። መሐሉ ከ2,600 እስከ 3,000 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ገብስና ስንዴ፣ ባቄላና በግ የሞላበት ደጋ ነው። በምሥራቅ በኩል ደጋው በአንዴ ተቆርጦ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። በምዕራብ ደግሞ ጀማ ወንዝና ገባሮቹ ፈልፍለውት ገደል በገደል ሆኗል። ስለዚህ ደጋው ላይ እስከቆያችሁ ድረስ ጉዞው ወጣ ገባ ቢበዛበትም የሚቻል ነው። ከጫፉ የወረዳችሁ ቀን ግን ወይ በመኪና ትመለሳላችሁ፣ ወይ አንድ ሙሉ ቀን ለዳገት ትከፍላላችሁ። ከዚህ በታች ያለው መንገድ የተሰናዳው በዚሁ ስሌት ነው፤ መጀመሪያ ደጋውን ማዳረስ፣ ትልቁን ቁልቁለት ለመጨረሻው ቀን ማቆየት።

አንድ ነገር ቀድሞ ይለይ። ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞን በአማራ ክልልም በኦሮሚያም አለ። ፍቼና ደብረ ሊባኖስ በኦሮሚያው ናቸው፤ እነሱ በጎጃም መስመር የሚኬድባቸው ሌላ ጉዞ ይሆናሉ። እዚህ የምናወራው ደብረ ብርሃንን ማዕከል ስላደረገው ነው።

ከሁሉ በፊት፦ መንገዱ ክፍት ነው ወይ?

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሳው ግጭት ይህንን አካባቢም ነክቶታል። መንገድ ክፍት የሚሆንበት ጊዜ አለ፣ የሚዘጋበትም አለ። ስለዚህ የጉዞ ቀን ቆርጣችሁ ከመነሳታችሁ በፊት የምትሄዱበት ከተማ ውስጥ ለሚኖር ሰው ደውሉ። ማታውኑም መናኸሪያ ሄዳችሁ ሾፌሮችን ጠይቁ፤ ስለ መንገድ ከእነሱ የተሻለ ወሬ የትም አይገኝም። እኔ የምከተለው ሕግ ቀላል ነው፦ አውቶቡስ በማይሄድበት ቀን ብስክሌትም አይሄድም።

መታወቂያ ከኪስ አይለይ። ኬላ ስትደርሱ ከሩቁ ፍጥነት ቀንሱና ከብስክሌቱ ወርዳችሁ ሰላምታ ስጡ፤ ከየት ተነስታችሁ ወዴት እንደምትሄዱ በአጭሩ ተናገሩ። ኬላን፣ የታጠቀ ሰውንና ድልድይን ፎቶ አታንሱ። ድሮን ቤት ይቅር። ዥንጉርጉር ወታደራዊ መልክ ያለው ሱሪና ጃኬትም እንደዚያው።

መቼ?

መልሱ አጭር ነው፦ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ። ዝናቡ አባርቷል፣ መሬቱ ግን ገና አረንጓዴ ነው። አደይ አበባው በየማሳው ዳር ቢጫ ይሆናል፤ ገብሱ አሽቷል፣ ምንጩ ሁሉ ሞልቷል። ጥቅምት የተሻለበት ሌላም ምክንያት አለ፤ የምግብ። የጽጌን ጾም የሚጾም ቢኖርም በየከተማው ምግብ ቤት ከረቡዕና ዓርብ በቀር እንቁላልና ሥጋ ይገኛል። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ከገባ በኋላ ግን እስከ ገና ሽሮና ምስር ነው። ሽሮ ባልጠላም ሦስት ቀን ዳገት ለወጣ ሰው እንቁላል ትርጉም አለው።

ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ የጠራ፣ መንገዱ የደረቀ ነው። ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው፤ ጠዋት ሣሩ ላይ ነጭ አመዳይ ታያላችሁ። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የበልግ ዝናብ ሊመጣም ሊቀርም ይችላል። ክረምትን ተዉት፤ ጭቃው፣ በረዶውና ጉሙ አንድ ላይ ሲመጡ የጉዞው ለዛ ይጠፋል።

ብስክሌቱ

አዲስ ውድ ብስክሌት አያስፈልግም። በየሱቁ የሚሸጠው ባለ 26 ኢንች ጎማ ማውንቴን ብስክሌት፣ ከፊት ሦስት ከኋላ ሰባት ማርሽ ያለው፣ ለዚህ አገር በቂ ነው። ዋናው ነገር የማርሹ ጥርስ ነው። ቁጠሩት። የፊቱ ትንሹ 24 ጥርስ፣ የኋላው ትልቁ 28 ከሆነ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ብስክሌቱ ከሁለት ሜትር በታች ይሄዳል። በደቂቃ 60 ጊዜ ብታዞሩ በሰዓት ከ6 ኪሎ ሜትር ጥቂት ከፍ ይላል ማለት ነው። ይህ ከእግረኛ እምብዛም አይሻልም፤ ግን ጭነት ይዞ ዳገት የሚወጣው በዚህ ፍጥነት ነው። ማርሽ የሌለውን ቀጥታ ብስክሌት ለከተማ ሜዳ ተዉት። ቀጭን ጎማ ያለው የውድድር ብስክሌትም አስፋልቱ ላይ ያምራል፣ ኮረኮንች ላይ ግን እጅ ያደነዝዛል፣ ቸርኬም ያጣምማል።

ከመነሳታችሁ በፊት እነዚህን በእጃችሁ ነክታችሁ እዩ። የፍሬን ሽቦው ከመሪው እጀታ ውስጥ በሚገባበት ቦታ ላይ አንዲት ክር እንኳ ተበጥሳ ከሆነ ሽቦው ይቀየር፤ ቁልቁለት ላይ የሚበጠሰው እዚያች ቦታ ነው። የፍሬን ጎማው ላይ ያሉት ቦዮች ጠፍተው ከሆነ አዲስ ግዙ፣ አንድ ጥንድ ደግሞ ለመጠባበቂያ ያዙ። የኋላውን ጎማ አንሥታችሁ አዙሩት፤ ግራ ቀኝ የሚል ከሆነ የላላ ራጂ አለ። ካቴናውን ጥረጉና ቀጭን ዘይት ቀቡ፤ የመኪና ዘይት አይሆንም፣ አቧራ ይሰበስባል።

ካላማዳሪ ስትገዙ የአየር መሙያው አፍ እንደ መኪና ጎማ ሰፋ ያለውን ምረጡ። ቀጭኑን አፍ የያዘ ብስክሌት ይዞ ሸዋ ሮቢት የደረሰ ሰው ጎሚስታው ዘንድ ቆሞ ኮምፕሬሰሩን እያየ አየር ያጣል። ሁለት ትርፍ ካላማዳሪ፣ ማስቲሽ፣ ቁራጭ ላስቲክ፣ የእጅ ፖምፓ፣ የብሎን መፍቻዎችና ጥቂት ሽቦ በቂ ነው። ደጋው ላይ ጎማ የሚበሳው ብዙ ጊዜ እሾህ አይደለም፤ ከፈነዳ የከባድ መኪና ጎማ የተረፈ ፀጉር የመሰለ ሽቦ ነው። ሲበሳባችሁ አዲሱን ካላማዳሪ ከማስገባታችሁ በፊት የውጪውን ጎማ ከውስጥ በጣት እየዳበሳችሁ ያንን ሽቦ ፈልጉ፤ ካልወጣ ሁለተኛውንም ይበሳዋል።

ጭነትና ስንቅ

ጭነት ከ12 ኪሎ አይለፍ፣ ዝቅ ብሎም ይታሰር። የብስክሌት ቦርሳ ከሌላችሁ ሁለት ማዳበሪያ ከረጢት በኋላ መጫኛው ግራና ቀኝ አንጠልጥሎ በቆየ ካላማዳሪ ቁራጭ መጠፈር ነው። ከገመድ ይሻላል፤ እየተሳበ ስለሚይዝ ኮረኮንች ላይ አይላላም። በጀርባ ቦርሳ አዝሎ መንዳትን አልመክርም፤ ወገብ ይጨርሳል፣ ላብም ያስቀምጣል፣ ያ ላብ ደግሞ ጣርማበር ላይ ነፋስ ሲያገኘው ብርድ ይሆናል።

ልብስ፦ ስስ ስስ የሆኑ ሁለት ሦስት ልብሶች በየተራ የሚደረቡ፣ ነፋስና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት፣ የሱፍ ኮፍያ፣ ጓንት። ጓንቱን ንቆ የሚተው ብዙ ነው፤ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከደብረ ብርሃን ሲወጣ ጣቱ ፍሬን አልጨብጥ ሲለው ያስታውሰዋል።

ስንቁ ላይ አያቶቻችን ጨርሰውታል። በሶ ከማንኛውም የታሸገ የስፖርት ምግብ ይበልጥብኛል። የውሃ ጠርሙስ ውስጥ ሦስት አራት ማንኪያ በሶ፣ አንድ ማንኪያ ስኳር፣ ቁንጥር ጨው ጨምራችሁ መበጥበጥ ነው፤ ዳገት ላይ እየጠጣችሁ ትሄዳላችሁ። ጥብቅ አድርጎ ማሸትም ይቻላል፤ ለረጅም እረፍት ያ ይሻላል። ጾም ካልሆነ ጭኮ ያዙ፤ ቅቤው ለብርድ ነው። ቆሎና ዳቦ ቆሎ በኪስ ይሁን። አንድ ነገር ተጠንቀቁ፦ የደብረ ብርሃን አረቄ ስሙ የወጣ ነው፣ ብርድም ያባርራል ይባላል፤ ግን በዚህ ከፍታ ላይ ማታ የጠጣ ሰው ጠዋት ዳገት ሲገጥመው ደረቱ ይናገራል።

ውሃ በየከተማው ከቦኖ ይቀዳል፤ በመንገድ ደግሞ ምንጭ ሞልቷል። ምንጩ የጠራ ቢመስልም ከላይ በግ ይሰማራበታልና ውሃ አጋር ጨምሩበት ወይም አፍሉት። ከ2,000 ሜትር በላይ ውሃ የሚፈላው ከ94 ዲግሪ በታች ስለሆነ ፈላ ብላችሁ አታውርዱት፤ ሦስት ደቂቃ ይንተክተክ። ለዚሁ ምክንያት ድፍን ምስርና ባቄላ ይዞ ሜዳ ላይ መቀቀል ጊዜ ማባከን ነው፤ ሽሮና ፓስታ ይሻላል።

የቀኑን መንገድ እንዴት ማስላት ይቻላል

ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ የስልክ ካርታ አስቀድማችሁ አውርዱና የምትሄዱበትን መንገድ ከፍታ ተመልከቱ። ከዚያ ሁለት ቁጥር ይበቃል፦ ሜዳ ላይ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር፣ ዳገት ላይ በሰዓት 300 ሜትር ወደ ላይ። ሁለቱን ለየብቻ አስሉና ደምሩ። 40 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 600 ሜትር ዳገት ያለው መንገድ ሁለት ሰዓት ከ40 ደቂቃ ሲደመር ሁለት ሰዓት፣ ማለትም አራት ሰዓት ከ40 ነው። በዚሁ ስሌት ሸዋ ሮቢት በ1,280 ሜትር ላይ ናት፣ የጣርማበር ዋሻ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ 45 ኪሎ ሜትሩ ሦስት ሰዓት፣ ዳገቱ ስድስት ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረው። ዘጠኝ ሰዓት ፔዳል። እረፍቱ፣ ምሳው፣ የተበሳው ጎማ አልተቆጠረም።

የአገሬውን ሰው መጠየቅም ከካርታ ይበልጣል፤ አጠያየቁን ካወቁ። «ሩቅ ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ሁልጊዜ «ኧረ ቅርብ ነው፣ እዚያች ጋ» ነው፤ የደከመ መንገደኛን ማጽናናት ስለሆነ አይፈረድባቸውም። «አባባ፣ በእግር ሲኬድ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ስንት ዳገት አለው? ድልድዩ ደህና ነው?» በሉ። ያኔ በየጥምዝምዙ እየቆጠሩ ይነግሯችኋል።

ብስክሌቱን ደብረ ብርሃን ማድረስ

ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ በሰንዳፋ፣ አለልቱ፣ ሸኖና ጫጫ። መንዳት ይቻላል፤ እኔ ግን አልመክርም። ወደ ደሴ የሚሄደው ሲኖትራክና አውቶቡስ ሁሉ በዚሁ ነው የሚያልፈው፣ የመንገዱ ትከሻም ጠባብ ነው። ጉልበታችሁን ለተሻለ መንገድ አቆዩት።

አውቶቡስ ላይ ከሆነ ማልዳችሁ መናኸሪያ ድረሱና የጭነቱን ዋጋ ከረዳቱ ጋር ከመጫኑ በፊት ጨርሱ። የፊት ጎማውን ፍቱ፣ ፔዳሎቹን አውልቁ፣ መሪውን አዙራችሁ ከአካሉ ጋር እሰሩ። ፖርቶመጋላው ላይ ሲተኛ ካቴናውና የማርሽ መቀየሪያው ያለበት ጎን ወደ ላይ ይሁን። ጤፍ ወይም ሽንኩርት በላዩ እንዳይጫንበት ራሳችሁ ወጥታችሁ እዩ፤ የታጠፈ የማርሽ መቀየሪያ ይዞ ጣርማበር የለም።

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከሰማይ ብርሃን ታየ ተብሎ የቆረቆሯት። ብርሃኗ እንዳለ ሆኖ ብርዷ ነው ቶሎ የሚታወቀው። በዚህ ከፍታ የምንተነፍሰው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር በሲሶ ግድም ያነሰ ነው። የአዲስ አበባ ሰው በከፊል ለምዶታል፤ ከአዋሳ ወይም ከድሬዳዋ የመጣ ግን ራስ ምታት ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ ሁለት ሌሊት እደሩ። በመሐሉ ባለው ቀን ያለ ጭነት ወደ ጫጫ 20 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ ተመለሱ። አንጎለላ እዚያው አቅራቢያ ነው፤ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. የተወለዱበት። መንገዱ ለጥ ያለ ስለሆነ ማርሹንና ፍሬኑን ለመፈተሽ ይበጃል።

አንኮበር፦ ሁለት ቀን

ከደብረ ብርሃን አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከከተማው ከወጣችሁ በኋላ ገብሱና የበግ መንጋው ይቀጥላል፤ መንገዱ ቀስ እያለ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ባሕር ዛፉ እየሳሳ ሜዳው ገላጣ ሲሆን ነፋሱ ይጀምራችኋል። በበጋ በብዛት ከምሥራቅ ይነፍሳል፤ ማለትም ፊት ለፊት። ከሰዓት በኋላ ስለሚብስ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ፔዳል ላይ ሁኑ።

ከዚያ ድንገት ደጋው ያልቃል። ከእግራችሁ በታች ጥቁር አረንጓዴ ደን፣ ከደኑ ሥር እርከን የተሠራበት ማሳ፣ ከማሳው ወዲያ ደግሞ እስከ አዋሽ ድረስ የሚዘረጋ ቆላ ነው። እዚህ መቆም ግዴታ ነው፤ የምታዩት ነገር ስላለ ብቻ ሳይሆን ከዚህ በኋላ ያለው ቁልቁለት ቀጥ ያለ ስለሆነ ፍሬን መፈተሽ ስላለባችሁ ነው። በጠዋት ገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳ ተቀምጦ ሣር ሲነጭ ታገኛላችሁ። ብስክሌቱን ሲያይ አይሸሽም፤ ቀና ብሎ አይቶ ወደ ሣሩ ይመለሳል።

የአሁኗ ከተማ ጎረቤላ ናት፤ አልጋና ምግብ እዚያ አለ። የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ የነበረው ኮረብታ ትንሽ ወጣ ብሎ ይገኛል፤ በድሮው ቤተ መንግሥት አምሳል የተሠራ ሎጅ አለበት። ወደ ኮረብታው ብስክሌት መግፋት ልፋት ነው፤ ታች አደራ ሰጥታችሁ በእግር ውጡ።

ሁለተኛውን ቀን ለእግር ጉዞ አድርጉት። የወፍ ዋሻ ደን ከአንኮበር እስከ ደብረ ሲና አቅጣጫ የተዘረጋ ነው፤ ጽዱ፣ ዝግባው፣ ወይራው፣ ወደ ላይ ሲወጣ ኮሶውና አስታው። አካባቢውን በሚያውቅ ሰው ተመርታችሁ ግቡ። ወፍ የምትወዱ ከሆነ መነጽር ያዙ፤ በአንኮበር ስም የተጠራችው ትንሽ ቡናማ ወፍ በሳይንስ የተመዘገበችው በ1979 እ.ኤ.አ. ሲሆን ከኢትዮጵያ ገደላማ ደጋ ውጭ በዓለም የትም የለችም። ከካርታ ላይ በደኑ ውስጥ ደብረ ሲና የሚወጣ መንገድ ያያችሁ መስሏችሁ ብስክሌት እንዳትሞክሩ። የእግር መንገድ ነው፣ ለእግርም ደህና አድርጎ ያስቸግራል።

ከአንኮበር ሥር አልዩ አምባ አለች፤ በነገሥታቱ ዘመን ከባሕር በኩል የሚመጣ ሲራራ ነጋዴ የሚያራግፍባት ገበያ ነበረች። ማየት ያጓጓል። ግን መጀመሪያ ያልነውን አትርሱ፤ ከጫፉ መውረድ ነው። በመኪና ሂዱ፣ ወይም ብስክሌቱን ለመመለሻ የሚጭን አይሱዙ አስቀድማችሁ አነጋግሩ። በሦስተኛው ቀን በመጣችሁበት ወደ ደብረ ብርሃን መመለስ ነው። ከአንኮበር መውጫው ዳገት የዚህ ጉዞ ከባዱ ዳገት ስለሆነ አላፍርም፣ ብዙውን እገፋለሁ።

መንዝና ጓሳ

ከደብረ ብርሃን በጉዶ በረት በኩል ወደ ጣርማበር 50 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ነው፤ ከፍ ዝቅ ይበዛዋል፣ የከባድ መኪና ትራፊክም አለው። መስታወት መሪው ላይ አስሩ። ከኋላ ሲኖትራክ፣ ከፊት አውቶቡስ ሲመጡ አይታችሁ መንገድ ልቀቁ፤ አስፋልቱ ለሦስት አይበቃም።

ጣርማበር ላይ ወደ መንዝ የሚወስደው መንገድ ይገነጠላል። በመዘዞ አድርጎ ወደ ጓሳና መሐል ሜዳ ይዘልቃል። የመንገዱን ወለል ጣርማበር ላይ ከሚቆሙት ሾፌሮች ጠይቁ፤ ከዝናብ በኋላና ከጥገና በኋላ ያለው አንድ አይደለም። ይህኛው መንገድ ለእኔ የሰሜን ሸዋ ምርጡ ነው። መኪናው ጥቂት፣ አየሩ ቀጭን፣ የድንጋይ ቤቶቹ ዝቅ ዝቅ ያሉ፣ በጉ ፀጉራም። እረኛው ራሱ በበግ ፀጉር ባና ተጠቅልሎ ነው የሚያያችሁ።

ጓሳ ከአዲስ አበባ 265 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው። የመንዝ ሰው ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ራሱ ሕግ አውጥቶ የጠበቀው ነው፤ ሣሩ ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይና ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለከብት ሲያስፈልግ ይከፈታል። ቀይ ቀበሮ፣ ጭላዳና ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል የሚታይበት ነው። ማኅበረሰቡ የሚያስተዳድረው ማረፊያ ስላለ አስቀድማችሁ አስይዙ፣ ስንቅ ግን ይዛችሁ ሂዱ። ብስክሌቱ ከመንገድ አይውጣ። የቀይ ቀበሮው ምግብ አይጥ ነው፣ የአይጡ ቤት ደግሞ ያ ሣር ሥር ያለው ጉድጓድ ነው፤ ጎማ ሲሄድበት ይደረመሳል። ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳልና የውሃ ጠርሙሱን መኝታ ውስጥ አስገቡት።

ከጣርማበር ጓሳን በአንድ ቀን ለመድረስ አትሞክሩ። መንገድ ላይ እደሩ፤ መዘዞ ካልመሸባችሁ አልጋ ጠይቁ፣ ከመሸባችሁ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ወይም የቀበሌው ሰው ወዳለበት ሄዳችሁ «ቤቶች! የመሸበት እንግዳ ነን» በሉ። የእግዜር እንግዳን የሚመልስ ቤት መንዝ ውስጥ ጥቂት ነው። ስትሰነባበቱ ገንዘብ በእጅ መስጠት ሊያስቀይም ስለሚችል ስኳር፣ ቡና ወይም ለልጆቹ ደብተር ይዛችሁ ብትሄዱ መልካም ነው። በጨለማ ግን በፍጹም አትንዱ፤ ጅቡም አለ፣ ከጅቡ የሚብሰው ግን መብራት የሌለው አይሱዙ ነው።

ስለ ውሻ፦ የእረኛ ውሻ ሮጦ የሚመጣው ብስክሌቱ ስለሚሮጥ ነው። ቁሙ፣ ውረዱ፣ ብስክሌቱን በእናንተና በውሻው መሐል አድርጉ፣ ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ጎንበስ በሉ። መወርወር አያስፈልግም፣ ጎንበስ ማለቷን ያውቃታል። ስለ ልጆች፦ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ ዳገት ላይ አብረው ይሮጣሉ። መጀመሪያ እናንተ ሰላም በሏቸው፣ ስማቸውን ጠይቁ። ከኋላ ለሚገፋው ልጅ «ጎበዝ» ካላችሁት እስከ ዳገቱ ጫፍ ይገፋላችኋል።

የጣርማበር ቁልቁለት

ከጓሳ ተመልሳችሁ ጣርማበር እደሩና ማልዳችሁ ሳይሆን ጉሙ ሲገለጥ፣ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ተነሱ። ዋሻው ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለው ነው፤ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፣ ውስጡ ጨለማና እርጥብ ነው። ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት አብሩ፣ አንፀባራቂ ልብስ ልበሱ፣ የፀሐይ መነጽር አውልቁ። ከመግባታችሁ በፊት ቆማችሁ አዳምጡ፤ የከባድ መኪና ድምፅ ከተሰማ እስኪያልፍ ጠብቁ።

ከዋሻው ማዶ ቁልቁለቱ ነው፤ ደብረ ሲና፣ አርማንያ፣ ሸዋ ሮቢት። ከ1,700 ሜትር በላይ በአንድ ጠዋት። ፍሬን አያያዙ ይህ ነው፦ ጨብጦ መቆየት አይደለም፣ ጠበቅ አድርጎ መልቀቅ ነው። ሁለቱንም ፍሬን አንድ ላይ ለሁለት ሦስት ሴኮንድ ጠበቅ፣ ከዚያ ለቀቅ፣ ቸርኬው ነፋስ ያግኘው። ፍጥነት የሚቀነሰው መታጠፊያው ውስጥ ከመግባት በፊት ነው፤ እየታጠፉ የፊት ፍሬን የያዘ ሰው ጠጠር ከገጠመው ይንሸራተታል። ክብደታችሁ ወደ ኋላ ይሁን፣ ወደ ውስጥ ያለው እግር ከፍ ይበል፣ ዓይናችሁ ከጎማው ፊት ሳይሆን ከመታጠፊያው መውጫ ላይ ይሁን።

በየአምስት ኪሎ ሜትሩ ቁሙ። ቸርኬውን ሳትነኩ ጣት ጠጋ አድርጉ፤ ሙቀቱ ከሩቅ የሚሰማ ከሆነ አሥር ደቂቃ ይብረድ። በጋለ ቸርኬ ላይ የተነፋ ካላማዳሪ የሚፈነዳው ያለ ማስጠንቀቂያ ነው። ዲስክ ፍሬን ያለው ብስክሌት ቸርኬው አይግልም፤ ዲስኩ ግን ሲግል የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳልና እንደዚያው አሳርፉት። ውሃ አታፍሱበት። ከኋላ መኪና ተደርድሮ ከሆነ አትሽቀዳደሙ፣ ሰፋ ያለ ቦታ ፈልጋችሁ ዳር ቁሙ።

ስትወርዱ በየሺህ ሜትሩ አየሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይሞቃል። ጣርማበር በጓንት የጀመራችሁትን ሸዋ ሮቢት በካናቴራ ትጨርሱታላችሁ። ስለዚህ የምታወልቁትን ልብስ ቶሎ የምታስሩበት ቦታ ጭነቱ ላይ ተዉ፤ ደብረ ሲና ላይ አንዱን፣ አርማንያ ላይ ሌላውን ታወልቃላችሁ።

ለሁለተኛ ጊዜ ለሚመጡ፦ ጅሩ

ከደብረ ብርሃን በምዕራብ በኩል በደነባ፣ እነዋሪና ለሚ የሚወስደው መንገድ ለብቻው ሦስት አራት ቀን ያስኬዳል። ሞረትና ጅሩ የስንዴ አገር ነው፤ ሰንጋውም ስሙ የወጣ። ሜዳው የተመቸ፣ አፈሩ ግን ጥቁር ዋልካ ነው። ደርቆ ሳለ እንደ አስፋልት ነው፤ ትንሽ ካካፋ ጎማው ላይ ተለጥፎ በፍሬኑና በጎማው መሐል ይሞላና ብስክሌቱን መሸከም ይሆናል። ስለዚህ ለዚህ መንገድ ከኅዳር በኋላ ኑ፣ የጭቃ መፋቂያ እንጨት ይዛችሁ። ለሚ ስትደርሱ ደጋው ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የጀማ ገደል ከሺህ ሜትር በላይ ወርዶ ወደ ዓለም ከተማ መልሶ የሚወጣ ነው። ጉልበት የተረፈው ይሞክረው። ያልተረፈው አፋፉ ላይ ተቀምጦ ቁልቁል አይቶ በሙከጡሪ በኩል ወደ አዲስ አበባ ይመለስ።

መመለሻ

ሸዋ ሮቢት ቆላ ናት፤ ወባ አለባትና አጎበር ያለው አልጋ ጠይቁ፣ ማታ ደጅ ስትቀመጡ እጅጌ ያለው ልብስ ልበሱ። ወደ አዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ነው። መኪናው ማልዶ ስለሚወጣ ብስክሌቱን የምትፈቱት ማታውኑ ነው፤ ፔዳሎቹን፣ የፊት ጎማውንና ብሎኖቹን በአንድ ከረጢት አስሩ። ረዳቱን በዋዜማው አግኙት፣ ዋጋውንም ያኔውኑ ተስማሙ፤ ንጋት ላይ ተሳፋሪ ሲጋፋ ዋጋው ይጨምራል። ትኬት ስትቆርጡ በመስኮት በኩል፣ በቀኝ ያለውን ወንበር ያዙ።